የመጀመሪያው ምሽት ተመልካች ዳኛ ነው ወይስ ምስክር?



በዚህ ዓመት በቴአትር ክበባችን ውስጥ እጅግ ካከራከሩን ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። በሹማምንትና በምርጫ አሠራር ላይ የሚሳለቅ፣ ዘፈንና ሙዚቃ ያለበት አዲስ ቴአትር ገና በሙከራ ላይ ሳለ ለጥቂት ሰዎች ቢታይና እነዚያ ሰዎች ባይስቁ፣ ወይም ቅር ቢላቸው፣ ደራሲው ምን ማድረግ ይገባዋል? ቴአትሩን ይተወው? ያለዝበው? ወይስ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ይቀጥል?

በአንድ በኩል «ተመልካች ንጉሥ ነው፤ እሱ ያልሳቀበት ቀልድ ሁሉ ይጣል» የሚሉ አሉ። በሌላ በኩል ደግሞ «ተመልካች የሚወደው የለመደውን ብቻ ነው፤ ደራሲ የጻፈውን ጽፏል፤ የወደደ ይይ፣ የጠላ ይሂድ» የሚሉ አሉ። እኔ ግን ከሁለቱም ወገን አልቆምም። በእኔ አስተያየት የመጀመሪያው ምሽት ተመልካች ምስክር እንጂ ዳኛ አይደለም። ምስክር ያየውንና የሰማውን በእውነት ይናገራል፤ ቃሉም በጥንቃቄ ሊሰማ ይገባዋል። ፍርዱ ግን የምስክሩ አይደለም። ይህን አሳቤን በባዶ ቃል ብቻ እንዳላቀርበው በአሜሪካ አገር የሆነውን እውነተኛ ታሪክ ላስረዳ። ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልኝ።

በኒውዮርክ ከተማ ብሮድዌይ በተባለው ሰፈር ትልልቅ ቴአትር ቤቶች አሉ። አንድ አዲስ ሙዚቃዊ ቴአትር በዚያ ከመከፈቱ በፊት ወደ ቦስተን፣ ወደ ፊላደልፊያ ወይም ወደ ኒው ሄቨን ተወስዶ መሞከሩ የቆየ ልማድ ነበር። በእነዚያ ምሽቶች ደራሲዎቹ ከአዳራሹ በስተኋላ ቆመው ከመድረኩ ይልቅ ሕዝቡን ይመለከቱ ነበር። የት ላይ ሳቀ? የት ላይ ጉሮሮውን ጠረገ? የት ላይ ሰዓቱን አየ? ትርዒቱ ሲያበቃም ማረፊያቸው ገብተው ዘፈን ይሰርዙ፣ ንግግር ያሳጥሩ ነበር፤ ተዋንያኑም አዲሱን አጥንተው በሌላ ቀን ይጫወቱት ነበር። እኛ «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» የምንለው ይህንኑ ነው።

ይህ ልማድ ለማንኛውም ቴአትር የሚጠቅም ቢሆንም ለስላቅ ግን የግድ ነው። አሳዛኝ ቴአትር ሲታይ የአዳራሹ ጸጥታ ደራሲውን ያስደስተዋል፤ ሕዝቡ ልቡ ተነክቶ ሊሆን ይችላልና። የስላቅ ደራሲ ግን አዳራሹ ጸጥ ሲልበት ምክንያቱን መመርመር አለበት። ቀልዱ አልገባ ይሆን? ገብቶ አሳፍሮ ይሆን? ወይስ ተመልካቹ ለመሳቅ ፈርቶ ይሆን? ይህን ደራሲው በጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሊያውቀው አይችልም። ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ ብቻ የሚታወቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ እንግባ። በ1927 ጆርጅ ካውፍማን የተባለው የታወቀ የኮሜዲ ደራሲ «ስትራይክ አፕ ዘ ባንድ» የተባለ፣ ትርጓሜውም «ባንዱን አስጀምሩ» እንደ ማለት ያለ ሙዚቃዊ ቴአትር ጻፈ። ዜማውን ጆርጅ ጌርሽዊን፣ ግጥሙን ወንድሙ አይራ ጌርሽዊን ደረሱ። ታሪኩ እንዲህ ነው። ሆራስ ፍሌቸር የተባለ የአይብ ፋብሪካ ባለቤት ከውጭ በሚገባ አይብ ላይ ከፍ ያለ ቀረጥ እንዲጣል ያደርጋል። ስዊዘርላንድ ይህን ስትቃወም ባለ ፋብሪካው አገሩን ወደ ጦርነት ይገፋፋል። የጦርነቱንም ወጪ እኔ እችላለሁ ይላል፤ ነገር ግን ጦርነቱ በስሙ እንዲጠራለት ይጠይቃል! ስለ አይብ የሚደረግ ጦርነት ያስቃል። ሆኖም የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ካበቃ ገና 9 ዓመት ያህል ብቻ ሆኖት ነበር፤ በአዳራሹ ከሚቀመጡት ሰዎች መካከልም ልጁን ወይም ወንድሙን በዚያ ጦርነት ያጣ መኖሩ የማይቀር ነው።

ቴአትሩ በነሐሴ መጨረሻ 1927 በኒው ጀርዚ ግዛት በሎንግ ብራንች ከተማ ተሞከረ፤ ከዚያም ወደ ፊላደልፊያ ሄደ። ሕዝቡ ግን አልመጣለትም። ወንበሮቹ ባዶ እየሆኑ ሄዱ። በዚያ ሰሞን ስለሆነ ነገር አንድ ቀልድ ይነገራል። ደራሲዎቹ በፊላደልፊያ ቴአትር ቤቱ ደጃፍ ቆመው ሳለ ሁለት የድሮ ሰው አለባበስ የለበሱ ሽማግሌዎች ከመኪና ወረዱ። አይራ ጌርሽዊን ይህን ባየ ጊዜ፣ እነዚህስ ቴአትራችንን ሊጠግኑልን የመጡት ጊልበርትና ሰሊቫን ሳይሆኑ አይቀሩም አለ። ጊልበርትና ሰሊቫን በ19ኛው መቶ ዓመት በእንግሊዝ አገር የስላቅ ኦፔራ ሊቃውንት የነበሩ ናቸው። ካውፍማንም መልሶ፣ እንዲህ ያለውን ቀልድ በግጥሞችህ ውስጥ ለምን አታስገባም አለው ይባላል። ይሁን እንጂ ቀልዱ ቴአትሩን አላዳነውም፤ ብሮድዌይን ሳያይ ተዘጋ። ስላቅ ማለት ቅዳሜ ማታ የሚዘጋ ቴአትር ነው የሚለውም አነጋገር የዚሁ የካውፍማን ነው እየተባለ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

ታሪኩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ «ተመልካች ንጉሥ ነው» የሚሉት ጓደኞቼ በረቱኝ ነበር። ዳሩ ግን አላለቀም። ሞሪ ሪስኪንድ የተባለ ሌላ ደራሲ ድርሰቱን እንደገና ጻፈው። አይቡ ቸኮላታ ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠው ለውጥ ግን ጦርነቱ ባለ ፋብሪካው በእንቅልፉ የሚያየው ሕልም መሆኑ ነው። የታወቁ አስቂኝ ተዋንያን ተጨመሩበት። ይህ የታደሰው ቴአትር በጥር 14 ቀን 1930 በኒውዮርክ ተከፍቶ 191 ጊዜ ታየ።

እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ደራሲው የምስክሩን ቃል ሰማ፤ ቴአትሩም ዳነ። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የተከፈለ ዋጋም አለ። በመጀመሪያው ድርሰት ጦርነቱ እውነተኛ ነበር፤ ተመልካቹም «እኛ ራሳችን እንዲህ እናደርጋለን» እያለ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር። በሁለተኛው ግን ባለ ፋብሪካው ነቅቶ ይጸጸታል፤ ተመልካቹም «ሕልም ነው» ብሎ ተጽናንቶ ይወጣል። አይብን በቸኮላታ መለወጥ አቀራረብን መለወጥ ነው፤ ማንንም አይጎዳም። ጦርነቱን ወደ ሕልም መለወጥ ግን የነገሩን ፍሬ መንካት ነው። እኔ ሪስኪንድን አልነቅፈውም፤ ጨርሶ ከሚጠፋ ለዝቦ ቢሰማ ይሻላልና። ይሁንና ደራሲ ሁሉ ከተመልካች አስተያየት ሲቀበል ቸኮላታውንና ሕልሙን ለይቶ እንዲያውቅ ያስፈልጋል።

በዚሁ ቴአትር ውስጥ የነበረ አንድ ዘፈን ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጠናል። «ዘ ማን አይ ላቭ» የሚባለው ዜማ በ1924 «ሌዲ ቢ ጉድ» ለተባለ ቴአትር ተደርሶ በሙከራው ጊዜ ተሰርዞ ነበር። በ1927 እዚህ ገባ፤ ቴአትሩ ሲዘጋ አብሮ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ግን በራሱ ተነሥቶ በዓለም ታወቀ፤ እስከ ዛሬም ይዘፈናል። ስለዚህ በሙከራ ምሽት ያልተወደደ ነገር ሁሉ መጥፎ ነው ማለት አይቻልም፤ ቦታውን ያላገኘ መልካም ነገር ሊሆን ይችላል።

ከዚያ በኋላ እነዚሁ አራት ሰዎች ማለት ካውፍማን፣ ሪስኪንድና ሁለቱ ወንድማማቾች ተባብረው «ኦቭ ዚ አይ ሲንግ» የተባለውን ደረሱ። ይህም በታኅሣሥ 8 ቀን 1931 በቦስተን ተሞክሮ በዚያው ወር በ26 በኒውዮርክ ተከፈተ። ዊንተርግሪን የተባለ ሰው ለፕሬዚዳንትነት ይወዳደራል። ፓርቲው ምንም ቁም ነገር ስለሌለው የምርጫ ዓላማችን ፍቅር ነው ይላል፤ የቁንጅና ውድድር ተደርጎ ያሸነፈችው የፕሬዚዳንቱ ሚስት እንድትሆን ይወሰናል። እጩው ግን አሸናፊዋን ትቶ ጥሩ የበቆሎ ዳቦ የምትጋግር ጸሐፊ ይወድዳል። ከዚህም የተነሣ ከፈረንሳይ መንግሥት ጋር ጠብ ይመጣል። ምክትል ፕሬዚዳንቱ ትሮትልቦተምማ ስሙን እንኳ የሚያስታውስለት የለም። ከቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ ለመዋስ ዋስ የሚሆኑት ሁለት ሰዎች ያጣል፤ ወደ ፕሬዚዳንቱ ቤተ መንግሥትም የሚገባው ከአገር ጎብኚዎች ጋር ተሰልፎ ነው!

ይህ ስላቅ ከመጀመሪያው ምሽት ጀምሮ ተወደደ። በኒውዮርክ 441 ጊዜ ታየ፤ በ1932 የፑሊትዘርን የድራማ ሽልማት አገኘ። ይህን ሽልማት ያገኘ የመጀመሪያው ሙዚቃዊ ቴአትር ይኸው ነው። የ1927ቱ ወድቆ የ1931ዱ ስለ ምን ተነሣ? አንደኛው ምክንያት ዘመኑ ነው። በጥቅምት 1929 የኒውዮርክ የአክስዮን ገበያ ወድቆ ብዙ ሰው ሥራና ገንዘብ አጥቶ ነበር። በ1927 ደልቶት በሹማምንት ላይ ለመሳቅ ያልፈለገው ሕዝብ፣ በ1931 ሲቸገር ሹማምንቱን እንደገና መመልከት ጀመረ። ሁለተኛው ምክንያት ግን የደራሲዎቹ ብልሃት ነው። ትሮትልቦተምን ሲያቀርቡ በሰውየው ላይ አላላገጡበትም፤ ያላገጡት ሥራ በሌለው ሹመቱ ላይ ነው። ስለዚህ ተመልካቹ ሰውየውን እየወደደ በሹመቱ ሳቀ።

ዘመን ግን እንደገና ይለወጣል። እነዚሁ ደራሲዎች በጥቅምት 1933 ተከታዩን ታሪክ «ሌት ኤም ኢት ኬክ» ብለው አወጡ። በዚህኛው ዊንተርግሪን በምርጫ ይሸነፍና ሰማያዊ ሸሚዝ እየሸጠ፣ ሸሚዝ ለባሾቹን አሰልፎ መንግሥት ይገለብጣል። በዚያው ዓመት በጥር ወር ሂትለር በጀርመን ሥልጣን ይዞ ነበር፤ ሸሚዝ ለብሶ በሰልፍ የሚሄድ ሕዝብ ለማንም ቀልድ አልነበረም። ቴአትሩ 90 ጊዜ ብቻ ታይቶ ተዘጋ። ደራሲዎቹ ያዩት አደጋ እውነት መሆኑን ከዚያ በኋላ የመጣው ጦርነት አስረድቷል። ተመልካቹ ግን በዚያን ጊዜ ሊስቅበት አልቻለም። እንግዲህ ተመልካቹ ስለ ራሱ ስሜት የሰጠው ምስክርነት ትክክል ነበር፤ ስለ ነገሩ እውነትነት ግን ፍርድ ሰጠ ማለት አይደለም።

አሁን አንድ ተቃዋሚ «ተመልካች እንዲህ በየዘመኑ የሚለዋወጥ ከሆነ ለምን ይሰማል?» ሊለኝ ይችላል። መልሴ ይህ ነው። ተመልካች ቴአትር ከማየት የሚበልጥም ሥራ አለው። በሰኔ 16 ቀን 1937 ማርክ ብሊትስታይን የደረሰው፣ «ዘ ክሬድል ዊል ሮክ» የሚባል በአንድ የብረት ፋብሪካ ከተማ ስለሚገኙ ሠራተኞችና ባለጸጎች የሚናገር ሙዚቃዊ ቴአትር በኒውዮርክ ሊታይ ተዘጋጅቶ ነበር። አዘጋጆቹ ኦርሰን ዌልስና ጆን ሐውስማን ነበሩ። ወጪው የመንግሥት ስለነበር፣ ገንዘብ ይቆጠባል በሚል ምክንያት እስከ ሐምሌ ድረስ አዲስ ትርዒት እንዳይከፈት ትእዛዝ ወጣ፤ ቴአትር ቤቱም ተዘግቶ ዘበኛ ቆመበት። ትኬት የያዘው ሕዝብ ግን ወደ ቤቱ አልሄደም። 21 የመንገድ ማእዘን ያህል ተጉዞ ቬኒስ ወደተባለው ሌላ ቴአትር ቤት ሄደ። ተዋንያኑን ማኅበራቸው በመድረክ ላይ እንዳይጫወቱ ከልክሏቸው ስለነበር፣ ደራሲው ብቻውን በመድረኩ ላይ ፒያኖ እየመታ ተዋንያኑ ከሕዝቡ መካከል ከተቀመጡበት እየተነሡ ዘፈኑ። ያ ሕዝብ ቴአትሩ መልካም ይሁን መጥፎ ገና አላወቀም ነበር። የፈለገው አይቶ ራሱ ለመመስከር ነው። ከዚህ የበለጠ ተመልካች የት ይገኛል?

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው የምትሉ ካላችሁ፣ በእኛም አገር ሥሩ የቆየ ነው። አባቶቻችን «እረኛ ምን አለ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። በሜዳ ከብት የሚጠብቅ ልጅ የሚያዜመው ግጥም የሕዝቡን ልብ ይገልጻል ተብሎ ስለሚታመን ነው። አዝማሪም በሰምና ወርቅ ጌታውን እያወደሰ ይወጋው ነበር፤ ሰሙን የሰማ ይስቃል፣ ወርቁን ያገኘ ያስባል። ስለዚህ ስላቅን በዘፈን ማቅረብ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

ይሁን እንጂ የዘመናዊ ቴአትራችን አጀማመር ያሳዝናል። በሩሲያ አገር ተምረው የመጡት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ» የተባለውን ድርሰት ጻፉ። ይህም የመጀመሪያው የአማርኛ ቴአትር ተብሎ የሚቆጠር ነው። በእንስሳት ተረት አስመስለው የሹማምንትን ጉቦኝነትና የአስተዳደሩን ብልሹነት ነቀፉበት። ሊያዩት የተጋበዙት ግን ራሳቸው መኳንንቱ ነበሩ፤ ውሎ ሳያድር ቴአትሩ ታገደ። እነሆ፣ ምስክሩና ዳኛው ተከሳሹ ራሱ ሲሆን ፍርዱ እንዴት እንደሚሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል። ያ ስላቅ ለብዙ ሰው ታይቶ ቢሆን ኖሮ ምን ያህል ሊጠቅም ይችል እንደነበር ለአንባቢ ኅሊና እተወዋለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ጉዳይ ልመለስ። የቴአትር ክበባችን በዚህ ዓመት ስለ ተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ የሚሳለቅ፣ ዘፈን ያለበት አጭር ቴአትር አዘጋጅቶ ነበር። አንዱ እጩ ፈተና አስቀራለሁ ይላል፤ ሌላው የዕረፍት ሰዓት እጥፍ አደርጋለሁ ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ ምንም ሳይናገር ብስኩት ያድላል። ገና በልምምድ ላይ ሳለ «ሰው ይነካል» የሚል አስተያየት ተሰጠና ማንም ሳያየው ቀረ። በወላጆች ቀንም በምትኩ ጭፈራ ብቻ ቀረበ። ጭፈራው ያማረ ነበር፤ ደስም ብሎናል። ቴአትሩ ግን ምስክር ሳይሰማበት ተፈረደበት።

ስለዚህ ለሚመጣው ዓመት ይህን አሳብ አቀርባለሁ። እንዲህ ያለ ቴአትር ሲዘጋጅ ሁለት የሙከራ ምሽት ይደረግ። በመጀመሪያው ከዝቅተኛዎቹ ክፍሎች ተማሪዎች ይጋበዙ፤ እነሱ ያልገባቸውን ነገር እንደ ገባቸው አስመስለው አይስቁምና። በሁለተኛው መምህራንና ጥቂት ወላጆች ይገኙ። ለእያንዳንዱ ተመልካች ሦስት ጥያቄ ብቻ የያዘ ወረቀት ይሰጥ፤ የት ላይ ሳቁ? የት ላይ አልገባዎትም? የት ላይ ቅር አለዎት? «ይታይ ወይስ ይከልከል?» የሚል ጥያቄ ግን በዚያ ወረቀት ላይ አይጻፍ።

ቅር ያለው ሰው ሲኖርም ቅሬታው ይመርመር። ሰው በአካል ጉድለቱ፣ በድህነቱ፣ በሃይማኖቱ ወይም በትውልዱ ተሹፎበት ካዘነ፣ ያ ቀልድ ስላቅ ሳይሆን ግፍ ነው፤ ያለ ክርክር ይውጣ። ነገር ግን በሠራው ሥራ ወይም በያዘው ሹመት ተነክቶ ከተቆጣ፣ ቁጣው ቀልዱ ዒላማውን እንደ መታ ያስረዳል። እንዲህ ያለውን ቀልድ አጣርቶና አሳጥሮ ማቅረብ እንጂ መሰረዝ አይገባም። ብስኩት የሚያድለውን እጩ አይቶ የሚቆጣ ካለ፣ ብስኩቱን ማን እንደ በላ አብረን እንጠይቅ፤ እኛ መራጮቹም በልተናልና!

እናንተ ጓደኞቼ ሆይ፣ በሙከራ ምሽት ስትቀመጡ ለወዳጅነት ብላችሁ አትሳቁ፤ ለጥላቻም ብላችሁ ዝም አትበሉ። ክቡራን መምህራን ሆይ፣ በቀይ ብዕራችሁ ስሕተታችንን እንደምታርሙልን ሁሉ ቀልዳችንንም አርሙልን፤ ነገር ግን ወረቀቱን ሳታነቡ ዜሮ እንደማትሰጡን ሁሉ ሳታዩን አትፍረዱብን። ክቡራን ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ በአዳራሽ ውስጥ፣ በመምህራን ፊት፣ በዜማና በሥርዓት መሳለቅን ካልተማሩ፣ ከአጥር ኋላ ማማትን ይማራሉ። ከሁለቱ የትኛውን እንደምትመርጡ አልጠራጠርም።

ለሚመጣው ዓመት የሙከራ ምሽት ሦስት ጥያቄ ያለባቸውን ወረቀቶች አዘጋጅተን በአዳራሹ በር ላይ እንጠብቃችኋለን። እርሳስ ይዛችሁ ኑ።